ተጣምሯል፣ አልተገናኘም

ኪርያት ጋት። ሦስተኛ ፎቅ። መብራቱ የሚርገበገብ ደረጃ።
የልጅ ልጄ ሊሮን ከቤርሼባ ሲመጣ ማዳመጫ ሰጠኝ፣
ሽቦ የለው፣ ገመድ የለው፣ ሁለት ነጭ የባቄላ ፍሬ፤
«አያቴ፣ ጎረቤት እንዳትረብሽ በሌሊት ዘፈንና ወሬ»
ብሎኝ ሄደ።

ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ቅንብር። ብሉቱዝ። «መሣሪያ ጨምር»።
አንዲት ክብ ትዞራለች፣ ጥጃ እንደጠፋባት ላም ዙሪያዋን ስትመረምር።
ከዚያ ስም መጣ። ሌላ ስም መጣ። እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ
አንድ በአንድ እየገቡ ተደረደሩ በመስታወቱ ሜዳ፤
የቫክኒን ቴሌቪዥን። ሳሎን። የሞርዴኻይ መኪና።
አንዱ ደግሞ ቁጥር ብቻ፣ ስም ያልወጣለት ገና።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ደረጃ ስወርድ ስወጣ
ከ«ሻሎም» በቀር ለአንድ በር እንኳ ሌላ ቃል ሳላወጣ፣
ለካ ግድግዳው ወንፊት ኖሯል! ለካስ የሁሉም ዕቃ
ሌሊት ሌሊት ይጠራራል፣ ባለቤቱ ሲተኛ እሱ እየነቃ።

ከነዚህ የኔ የትኛው ነው? ባቄላዎቼ አይናገሩ ነገር።
«ኩሽና» የሚል አየሁ። እኔም ኩሽና ነኝ። ታዲያ ምን ቀረ የሚያነጋግር?
ተጫንሁት። «ተገናኝቷል» አለ። ይህች ናት እንዴ ብዬ ኮራሁ፤
ባቄላዎቹን ጆሮዬ ወትፌ የነቲቮቱን ሠርግ ከፈትሁ።

የእህቴ የእናኑ ልጅ ሠርግ ነው። ማሲንቆው ሲገዘገዝ አያለሁ፣
ትከሻው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ግን ጸጥታ እሰማለሁ።
ድምፁን ጨመርሁ። አሁንም ጨመርሁ። መቶ ላይ አደረስሁ።
«ይኸው» አልሁ፣ «ጆሮዬም ሄደ፤ ደነቆርሁ፤ ወደ ማለቂያው ደረስሁ።»

ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ እልልታ!
ከግድግዳው ማዶ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ የወደቀ ሳህን፣ የሴት ኡኡታ፤

ቀጥሎ በሬ።

ስቬትላና ናት፤ በነጠላ ጫማ፣ ጸጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣
«ማቀዝቀዣዬ ላይ ሰው ይዘፍናል! ማነው ቤቴ የገባው ዘሎ?»
እሷ በሰባራ ዕብራይስጧ፣ እኔም በሰባራው በኔ
ተጨቃጨቅን፣ ኮምፒውተሩን እስካሳያት ድረስ ጎኔ።
አየች። ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ አይቼ አላውቅ፤
ኮስታራ ትመስለኝ የነበረች ሴት፣ ለካ የኋላ ጥርሷ ወርቅ።

በሀገሯ የባቡር ጣቢያ ቴሌግራም መቺ ነበረች፤ ወንበር ሳበች።
«ባቄላህን ወደ ሳጥኑ መልስ» አለች። «ቁልፉን ተጫንና ቆይ፤
ሰማያዊው ሲጠቅስ ብቻ ነው ለሌላ የሚታይ።»
ሁለት ደቂቃ ነው አሉ «እዚህ ነኝ» የሚለው፣
ከዚያ ወዲያ ይዘጋል፤ ቢፈልጉትም ማንም አያገኘው።

ያ ቁጥር ብቻ የሆነው ምስኪን ለካስ የኔው ነበረ።
«ስም አውጣለት» አለችኝ። «ሹክታ» አልሁት፣
በፊደላችን ጻፍሁት፤ ሳያንገራግር ተቀብሎት በዚያው ቀረ።
(እኔን፣ የገባን ዕለት፣ ጸሐፊዋ አንዳርጌን «አቭራሃም» ስታደርግ
የጠየቀኝ አልነበረ።)

«ስልክህንስ?» ከጀመረች አትቆም። ስልኬን አወጣሁ።
ስድስት አኃዝ በሁለቱም ላይ፤ «አንድ ናቸው ወይ?» ይላል፤ መነጽሬን አመጣሁ።
እሷ ከኮምፒውተሩ በቋንቋዋ፣ እኔ ከስልኬ በቋንቋዬ፤
ትሪ። ሦስት።
ኖል። ዜሮ።
ቮሴም። ስምንት።
ሴም። ሰባት። እዚህ ላይ ሁለታችንም በ«ሰ» ጀምረን ተያየን።
አዲን። አንድ።
የመጨረሻውን ሳንል ሁለታችንም «አዎ»ን ተጫንን።

እኩለ ሌሊት ካለፈ ሄደች። ዝርዝሩን ዳግም ብከፍተው
«ኩሽና» አለ፤ ከሥሩ «ተጣምሯል፣ አልተገናኘም»፤ ከጎኑ «እርሳው»።
ጣቴ ደረሰ። ተመለሰ።
ሹክታን ጆሮዬ አድርጌ ሠርጉን ከመጀመሪያው ለቀቅሁት፤
ማሲንቆው ገባ፣ እናኑ ዘለለች፣ ብቻዬን ሰማሁት።

ግድግዳው ተንኳኳ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።
የቴሌግራም ነገር አላውቅም፤ ግን ቁጣ አይመስልም።

«ኩሽና»ን ተጫንሁ።
ድምፁን አሥር ላይ አደረግሁ።